ከሳሎኑ ወለል ሥር

አሰላ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ቅድመ አያቴ ያሠሩት ፎቅ ቤት ነበረ። ምድር ቤቱ በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ ላይኛው ክፍል በጥድ እንጨት የተዋቀረ፣ በሦስት በኩል ሰገነት የዞረው ቤት ነው። ድሮ የከተማው ሰው ሲቀጣጠር «ፎቁ ጋ» ይባባል ነበር አሉ፤ ሌላ ፎቅ ስላልነበረ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔ ሳውቀው የጣሪያው ቆርቆሮ ዝጎ፣ የሰገነቱ መከታ ግማሹ ወድቆ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በየክፍሉ ባልዲ የምንደቅንበት ቤት ሆኖ ነበር። ቢሆንም ቆሞ ነበር። የፈረሰው ባለፈው ጥቅምት ነው። እንዲፈርስ ካደረጉት እጆች አንዱ የእኔ ስለሆነ፣ የሆነውን እንደሆነው መጻፍ ይገባኛል።

ቅድመ አያቴ እህል ነጋዴ ነበሩ። ወላጆቻቸው ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሳቸው ግን ገና በወጣትነታቸው እርፉን ትተው በቅሎ መንዳት ጀመሩ። በመከር ከዲክሲስና ከሮቤ ስንዴና ገብስ እየሰበሰቡ፣ ቁልቁል ወደ ቆላው የባቡር ጣቢያ ያወርዱ ነበር። በኋላ በበቅሎው ፋንታ የጭነት መኪና መጣ። በከተማው አንደበት እሳቸው ቀዳሚ፣ አስተዋይና ሥራ ወዳድ ናቸው፤ ይህም እውነት ነው። ክፉ ዓመት ሲመጣ የእህል ጉድጓዳቸውን ከድነው ገበያው እስኪወደድ ድረስ ዝም ብለው መቀመጣቸው ደግሞ ሌላው እውነት ነው። የመጀመሪያውን እውነት በቤታችን በግልጽ እናወራዋለን፤ ሁለተኛውን የሰማሁት ከቤት ውጭ ነው።

ጉድጓዶቹ ሦስት ነበሩ። ምድር ቤቱ በመጀመሪያ መጋዘን ነበር፤ በኋላ ጣውላ ተነጠፈበትና ሳሎን ሆነ። ጉድጓዶቹም ከጣውላው ሥር ቀሩ። አፋቸው አንድ ሰው ብቻ የሚያሾልክ ጠባብ ነው፤ ሆዳቸው እንደ እንስራ የሰፋ ነው። ተቆፍረው ሲያበቁ ውስጣቸው እሳት ይነድድባቸውና ግድግዳቸው እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ከዚያ በጭቃና በእበት ይለሰናሉ፣ ጭድ ይጎዘጎዝላቸዋል፣ እህሉ ከገባ በኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድነው ይመረጋሉ። በዚህ ዓይነት የተቀመጠ ገብስ ብዙ ዓመት ይቆያል። ሲከፈት ማንም ዘሎ አይገባም፤ አስቀድሞ የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ፣ የታፈነው አየር እስኪወጣ ድረስ ሰው ከአፉ ይርቃል።

የጉድጓድን ቦታ ለውጭ ሰው አለመናገር በዚያ ዘመን እህል የሚያከማች ሁሉ ልማድ ነበር። በእኛ ቤት ግን ከልማድ አልፎ እንደ ሃይማኖት ሆነ። እንግዳ ስለ እህል ከጠየቀ መልሱ አንድ ነው፤ «ለቤት ያህል ነው»። ሹም ቢጠይቅም፣ አማች ቢጠይቅም፣ የንስሐ አባት ቢጠይቅም «ለቤት ያህል ነው»።

ዘመኑ ተለውጦ እህል ማከማቸት ወንጀል ሲሆን፣ የቅድመ አያቴን የበኩር ልጅ፣ አያቴን፣ ወስደው «የት ደበቅከው?» አሏቸው። ያን ጊዜ ከጉድጓዶቹ አንዱ ገብስ ነበረበት። አያቴ «ያለኝ ለቤት ያህል ነው» አሉ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ውስጥ እግራቸው የእግር መልክ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ቤቱ ተፈትሾ ነበር፤ ጣውላውን ግን ያነሣ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እኛም አላነሣነውም። ጉድጓዱን መክፈት አያቴ የሞቱለትን ቃል ሐሰት ነበር ብሎ መመስከር ነው፤ ማንም ይህን በቃል አልተናገረውም፤ ሁላችንም ግን እናውቀው ነበር።

ቤቱ በመጨረሻ የአንዲት ሴት ቤት ሆነ። የአያቴ ታናሽ እህት፣ ቤተሰቡ ሁሉ እቴቴ የሚላቸው፣ በላይኛው ክፍል ተወልደው በዚያው አርጅተዋል። ባላቸው ቀድመዋቸው ሞቱ፤ ልጅ አልነበራቸውም። እኔ በከተማው ትምህርት ቤት ማስተማር ስጀምር አብሬያቸው መኖር ጀመርኩ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ በዳር ባሉት ቤቶች ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ በእኛም ግድግዳ ላይ ተቀባ። እቴቴ ከሰገነቱ ወደ ታች ተመለከቱና እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በተወለድኩበት ክፍል መሞት። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ አስፋልቱን በአልጋዬ ላይ ያሳልፉት።»

አንድ መውጫ ነበረ። ታሪካዊ ተብሎ በቅርስነት የሚመዘገብ ቤት ከፈረሳው ይወጣል፤ መንገዱም በዚያ በኩል ይጠብባል። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩት። ስለ ቤቱ አሠራር፣ ስለ ጥድ እንጨቱ፣ ከደጋው እህል ወደ ባቡሩ ስለ ወረደበት ዘመን ብዙ ገጽ ጻፍኩ። ከመጻፌ በፊት ብዙ አንብቤ ነበር። አረፍተ ነገሮቹን ደጋግሜ አርሜያቸዋለሁ፤ ደስ ብለውኝ ነበር ብል እውነት ነው። ስለ ጉድጓዶቹ ግን አንድ መስመር አልነበረበትም።

ማመልከቻውን ለእቴቴ ሳነብላቸው ሀጂ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ሀጂ ከቤታችን አጠገብ ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉድጓዶቹን የቆፈሩት አባታቸው ናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ነው፣ ያምራል። ዋናው ነገር ግን የለበትም» አሉ። ከዚያ ወደ እቴቴ ዞሩ። «እትዬ፣ ጉድጓዱን ይንገሯቸው።»

«የምን ጉድጓድ?» አሉ እቴቴ።

«ወላሂ! አባቴ የቆፈረውን ጉድጓድ እኔን የምን ጉድጓድ ይሉኛል!»

«አባትህ ቆፋሪ ነበር። ስንቱን ቆፍሯል፣ የቱን ልወቅልህ?»

«ነገ መልአኩ መጥቶ ‹ሥራሽ ምን ያህል ነው?› ቢልዎ ‹ለቤት ያህል ነው› ሊሉት ነው?»

«መልአኩ መታወቂያውን ካሳየኝ አስብበታለሁ።»

ሀጂ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እቴቴ አልሳቁም። «ይህን ያህል ካሳሰበህ አንተ ለምን አትነግራቸውም?» አሉ።

የሀጂ ፊት ተለወጠ። «አባቴ ላይናገር ቁርኣን ይዞ ምሎበታል። የአባቴን መሐላ እኔ አልፈታም። ባለቤቱ ሲናገር ግን ሌላ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ አባቴ ያንን ሲቆፍር የተከፈለው በገብስ ነበር። በክፉው ዓመት ደግሞ ከዚህ በር ላይ ቆሞ አንድ ቁና ለምኗል። ከእግሩ ሥር ሞልቶ እንደ ተቀመጠ እያወቀ። ምን እንደ ተመለሰለት እርስዎ ያውቃሉ» አሉ።

ሀጂ ጉዳዩን አላከረሩትም፤ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ለእኔ፣ «ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አንተ የተማርክ ነህ። ዛሬ በጉድጓድ ምክንያት የሚታሰር የለም። ንገራቸው።»

ሲወጡ እቴቴ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «የወንድሜን እግር ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሀጂ አይደለም።»

በሚያዝያ መጨረሻ ቤቱን የምትመረምር መሐንዲስ መጣች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ጭቃ የለመደ፣ አነጋገሯ ጨዋ። ግድግዳውን በመዶሻ እያንኳኳች፣ ምሰሶዎቹን እየለካች ከጠዋት እስከ ቀትር ዋለች። ከእቴቴ ጋር በአማርኛ፣ ከረዳቷ ጋር በኦሮምኛ ትነጋገራለች። እቴቴ ወንበር አውጥተው በሳሎኑ መካከል ተቀመጡ። ወንበሩ ከአንዱ ጉድጓድ አፍ በላይ ማረፉን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መሐንዲሷ በእግሯ ጣውላውን መታ መታ አደረገች። «እማማ፣ ከዚህ ወለል ሥር ባዶ ቦታ አለ እንዴ? ጉድጓድ ነገር?»

«ጣውላ አይደል? ጣውላ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጮኸው» አሉ እቴቴ።

«ድሮ እህል ቤት ነበር ተብሏል ብዬ ነው።»

«ነበር። ለቤት ያህል።»

መሐንዲሷ ወደ እኔ ዞረች። በእጇ የያዘችው ቅጽ ላይ ባለቤቱ ቃል የሚሰጥበት ክፍል አለ፤ ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ ጉድጓድ ወይም የተደፈነ የውኃ መውረጃ መኖሩን ይጠይቃል። «እንግዲህ መምህር፣ እርስዎ ይሙሉልኝ። ወለሉን ሳላስፈርስ ማለፍ የምችለው በእናንተ ቃል ነው» አለችኝ።

ወደ እቴቴ ተመለከትኩ። እሳቸው ወደ እኔ አልተመለከቱም፤ እግራቸውን ጣውላው ላይ አጥብቀው እንደ ተከሉ ነበሩ። ለማስተባበያ የሚሆን ብዙ ምክንያት ማቅረብ እችላለሁ፤ ፈርቼ ነበር፣ አዝኜላቸው ነበር፣ ጉዳዩ ትንሽ መስሎኝ ነበር። የተማረ ሰው ምክንያት አያጣም። «የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እቴቴ ብዙ ተጫወቱ። ወንድማቸው በልጅነታቸው ከሰገነቱ ላይ ሆነው በመንገዱ በሚያልፉ አህዮች ላይ ጥራጥሬ ይወረውሩ እንደ ነበር እየነገሩኝ ሳቁ። ሲስቁ ካየኋቸው ቀናት ያ የመጨረሻው ነው።

ክረምቱ በአርሲ ደጋ እንደሚመጣው መጣ፤ የጭላሎ ተራራ ለሳምንታት በደመና ተሰወረ። ለመንገዱ ሥራ ከቤታችን ፊት ቦይ ተቆፍሮ ነበር፤ የሚሄድበት ሳይበጅለት በመቅረቱ ውኃው ቆሞበት ሰነበተ። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ጠዋት ከሳሎኑ ጥግ፣ ሰው ሲተነፍስ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። የጥጉ ምሰሶ ወደ ታች ገብቶ ነበር። በላዩ ያረፈው ሰገነት አዘነበለ፤ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። ከጉድጓዶቹ የአንዱ ጣሪያ እንደ ተናደ ወዲያው ገባኝ።

መሐንዲሷ በዝናቡ ውስጥ መጣች። ስንጥቁን ለካች፣ በዙሪያው ያለውን መሬት መረመረች፣ ጠየቀች። እቴቴ ከላይ ሆነው «ዝናቡ ነው» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰን። ከቤቱ ሥር ያለው መሬት ባልታወቀ ምክንያት እየተንቀሳቀሰ በመሆኑ ሕንፃው ለሕይወት አስጊ ነው፤ ለቅርስነት የቀረበው ማመልከቻም በዚሁ ምክንያት ውድቅ ሆኗል ይላል። «ባልታወቀ ምክንያት» የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት።

በማግሥቱ ወደ ቢሮዋ ሄድኩ።

«ምክንያቱ ይታወቃል» አልኳት። «ጉድጓድ አለ። ከሳሎኑ ወለል ሥር። ሦስት የእህል ጉድጓዶች።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ጠይቄዎት ነበር፣ መምህር።»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። የድሮውን ቅጽ ከመደርደሪያው አውጥታ ፊርማዬን አየችው። «በድንጋይና በሲሚንቶ እንሞላቸው ነበር» አለች። «ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው። አንደኛውን ደግሞ ሳንሞላ፣ ደግፈን፣ ሰው እንዲያየው እንተወው ነበር።» ቅጹን ወደ ቦታው መለሰችና፣ «የጥድ ፎቅ ቤት ሌላም ቦታ አለ። ከሳሎኑ ሥር የእህል ጉድጓድ ያለው የነጋዴ ቤት ግን እኔ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ማመልከቻዎን ሳነብ ቤቱን ከሌላው የሚለየው ምንድነው ብዬ ፈልጌ ነበር። እሱ ነበር» አለች።

ተጨማሪ ሪፖርት ጻፈች፤ ለዚህ ምስክር ነኝ። መልሱ ግን የባለቤቱ ቃል በፊርማ ተረጋግጦ የገባ መሆኑን፣ ምሰሶው መውረዱን፣ ውሳኔውም መተላለፉን የሚገልጽ ሆኖ ተመለሰ። እንዲህ ካለው መልስ ጋር መከራከር አልቻልኩም፤ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነበር።

በመስከረም ከቤቱ ወጣን። ሁሩታ ያሉ ዘመዶቻችን እቴቴን ሊወስዷቸው መጥተው ነበር። እሳቸው ግን ከአሰላ አልወጣም አሉ። በከተማው ዳር ሁለት ክፍል ተከራየሁ። ሲወጡ ደረጃውን በእግራቸው ወረዱ፤ ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ ገፉት።

የፈረሰ ዕለት እሳቸው አልመጡም። እኔ ሄድኩ። ኤክስካቫተሩ ላይኛውን ክፍል ለማውረድ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ድንጋዩ ግን አስቸገረ። ጣውላው ሲነሣና የመጀመሪያው ጉድጓድ አፍ ሲታይ ሰዉ ተጠጋጋ፤ ስልክ ያለው ሁሉ ቀረጸ።

«ወርቅ ነው!» አለ አንዱ።

«ወርቅ በድንጋይ ሲመረግ የት አየህ? ሬሳ ነው።»

«ዝም በሉ፤ ሾፌሩ ሸሽቶ እንዳይሄድባችሁ።»

ሀጂ ከሕዝቡ መካከል ወጥተው፣ «ማንም እንዳይወርድ! መጀመሪያ መብራት ያውርዱበት!» እያሉ በበትራቸው ይከለክሉ ነበር። ለዓመታት ያልተናገሩትን አሁን በአደባባይ እየጮኹ ተናገሩት። አንደኛው ጉድጓድ ተንዶ ጭቃ ሞልቶታል። ሁለተኛው ባዶ ነበር። የሦስተኛው ድንጋይ ሲነሣ የወጣው ሽታ ሰዉን ወደ ኋላ መለሰው። ገብሱ እዚያው ነበር። እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ አንድ ወጥ ጓል ሆኖ። አያቴ በዝምታ ያዳኑት ያንን ነው። ሀጂ አንድ እፍኝ አንሥተው በጣታቸው ፈረፈሩት፣ አሸተቱት፣ ወደ ጉድጓዱ መልሰው ጣሉት። «አባቴ የለመነው ይህን ነው» አሉኝ።

ከቤት ስደርስ እቴቴ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«ከፈቱት?»

«ከፈቱት።»

«ነበረበት?»

«ነበረበት። ተበላሽቷል።»

ውጭ የአከራዮቻችን ዶሮዎች ይጮኻሉ። «ያቺ መሐንዲስ» አሉ በመጨረሻ፤ «ስትጠይቀን ብንነግራት ኖሮ ቤቱ ይተርፍ ነበር?»

ይህን ጥያቄ እንደሚጠይቁኝ አውቅ ነበር፤ ከሐምሌ ጀምሮ መልሱን ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። እውነቱን ብነግራቸው የወንድማቸውን እግር ያጠቡበትን ዘመን ሁሉ ከንቱ አደርግባቸዋለሁ። ብዋሻቸው ደግሞ ያው የቤታችንን የመደበቅ ሥራ እሠራለሁ።

«አይተርፍም ነበር» አልኩ። «የመንገዱ ነገር አስቀድሞ ያለቀ ነበር።»

«እንኳን አልነገርናት» አሉ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አምነውኝ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቤቱ አላነሡም፤ ምግብም እየቀነሱ ሄዱ። ሐኪም ያየው በሽታ አልነበረባቸውም።

በጥር ዐረፉ። ለቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ዘመድ ሁሉ ወደ እኔ ተመለከተ፤ በቤተሰቡ የጽሑፍ ሰው እኔ ነኝና። መቼና ከማን እንደ ተወለዱ ጻፍኩ። አባታቸው የእህል ንግድን በአካባቢው ካስጀመሩት አንዱ መሆናቸውን ጻፍኩ። ከመጨረሻው መስመር ስደርስ እጄ ቆመ። ያ መስመር የተለመደ መልክ አለው፤ የት እንዳረፉ ይገልጻል። ሌሎቹ እየጠበቁኝ ነበር፤ አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ነው። «በተወለዱበት ቤት ዐረፉ» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ የአክስቴ ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው። ሀጂ ከሌሎቹ ሙስሊም ጎረቤቶች ጋር በአጥሩ በኩል ቆመው ያዳምጡ ነበር። ከተሰበሰበው ሰው አብዛኛው ቤቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ አልፎ የመጣ ነው። ያቺ መስመር ስትነበብ ቀና ያለ አልነበረም፤ ያረመም የለም። ወረቀቱ ተጣጥፎ ተመለሰልኝና አፈር መመለስ ተጀመረ።